አባቴ ያፋታት ሴት

አባቴ በሽማግሌነቱ ይኮራል። ከፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ቃሊቲ ሰፈራችን ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ መጥቶ የሚቀመጠው እኛ ሳሎን ነው። ያስታርቃል፤ አልሆን ሲለው ደግሞ ያፋታል። ንብረት አካፍሎ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ወስኖ፣ በመጨረሻ ቆሞ ይመርቃል። ምርቃቱ አያልቅም። እናቴ «ሲጋቡም እንዲህ አልተመረቁ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ካፋታቸው ሰዎች አንዷ ጎረቤታችን ነበረች፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አባቴና ሁለት ጓደኞቹ፣ ካርታው በባልየው ስም ስለሆነ ቤቱ ለእሱ ይሁን አሉ። እሷ ልጆቿን፣ አንድ አልጋና ቁም ሳጥኗን ይዛ ከአስፋልቱ ማዶ ክፍል ተከራየች። ተመርቃ ነው የወጣችው።

ከዓመታት በኋላ ባልየው ቤቱን ሊሸጥ ደላላ ማመላለስ ጀመረ። እሷም ቢያንስ ለልጆቼ ቀለብ ይቁረጥልኝ ብላ ፍርድ ቤት ሄደች። «የፍቺ ውሳኔሽስ?» ሲሏት፣ «ያፋቱን ሽማግሌዎች ናቸው» አለች። ሽማግሌ ማስታረቅ እንጂ ማፋታት እንደማይችል፣ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ እንደሆነ የሰማችው ያን ቀን ነው። በሕግ ፊት አሁንም ሚስቱ ናት። በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት ደግሞ ካርታው በማንም ስም ይሁን የሁለቱ ነው፤ ያለ እሷ ፈቃድ አይሸጥም። ባልየው ግን «ሳላገባት በፊት ብቻዬን የሠራሁት ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በራችንን አንኳኳች። ልትሳደብ የመጣች መሰለኝ፤ እኔ ብሆን እሳደብ ነበር።

«አባባ፣ ጭቃውን ሳቦካ አይተውኛል። ይምጡና ይመስክሩልኝ» አለች።

«ከቤትሽ ያስወጣሁሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እርስዎ ነዎት። ታዲያ እርስዎ ካልተናገሩልኝ ማን ያምነኛል?»

ጓደኞቹ በሰው ፊት ራስህን ልታዋርድ ነው ወይ ብለው ተቆጡት። እሱ ግን የበዓል ኮቱን አስተኮሰና ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ያፋቷቸው እርስዎ ነዎት?» አሉ ዳኛዋ።

«ያፋታሁ መስሎኝ ነበር፤ አጥፍቻለሁ» አለ አባቴ። «ሰርጋቸውን በልተን ዓመት ሳይሞላ ነው ቤቱ የተሠራው። እርጉዝ ሆና፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ስትረግጥ ‹ኧረ ተይ፣ ጽንሱን ትጎጂዋለሽ› ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ይህን እያወቅሁ ነው ቤቷን ለእሱ ብቻ የሰጠሁት።»

አባቴን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ፍቺው በፍርድ ቤት ተወሰነ፤ ቤቱም እኩል ተከፈለ። ለእሷ በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ደረሷት። ልጆቿን ይዛ በገባች በሳምንቱ ጠራችን።

«አባባ፣ ያኔ ስወጣ መርቀውኛል» አለችው ፈገግ ብላ። «አሁን ደግሞ ገብቻለሁና ይመርቁኝ።»

አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመ። ያ ምርቃቱ የማያልቅ ሰው የጭቃውን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ አዲስ ቤት የሚገባ እንግዳ ሁሉ የሚለውን ብቻ አለ።

«ቤት ለእንቦሳ።»

«እንቦሳ እሰሩ» አለችው፣ ወንበር እየሳበችለት።