ተልባ የበሉ ዶሮዎች

ልጄ ዓረብ አገር የመሄድን ነገር ያነሳችው ከመስከረም ጀምሮ ነው። ደላላው ሲደውልላት ጓሮ ወጥታ ነበር የምታወራው፤ እኔ ግን ከአወጣጧ አውቃለሁ። ከኛ ሰፈር ከቀራንዮ የሄዱት ስንት ናቸው? አንዷ ተመልሳ መጥታ ከቤት አትወጣም። የአንዷ ስልክ ከጠፋ ቆየ፤ እናቷን መድኃኔዓለም ደጅ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ። ምን እላታለሁ?

«ዶሮ አርብተን እንቁላሉ ከሠራልን እቀራለሁ» አለችኝ ልጄ። ይቺን ቃል ይዤ ነው የከረምኩት። ቄቦች ገዛን፣ ጓሮ በቆርቆሮ ቤት ሠራንላቸው፣ ከኮልፌ እንጨት ቤቶች ሳጋቱራ በማዳበሪያ ተሸክመን አምጥተን አነጠፍንላቸው።

ደህና መጣል ሲጀምሩ ሁዳዴ ገባ። በጾም ማን እንቁላል ይገዛል? ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ትንሽ ትንሽ ይወስዱልን ነበር እንጂ ተስፋችን ሁሉ ፋሲካ ላይ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ለዶሮ ወጡ ከኛ ሊወስድ ተስማምቷል።

በመሃል መኖው ተወደደ፣ ቀጥሎም ጭራሽ ጠፋ። ፉርሽካ ብቻውን ደግሞ ዶሮ አያስጥልም። እኔ ጾሙን የያዝኩት በተልባ ነበር። ተልባ አንጀት ያርሳል፤ ለሰው የሚሆን ዶሮን ምን ይጎዳል ብዬ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ከፉርሽካው ጋር ለወስኩላቸው።

ልጄ አይታ በሳቅ ፈረሰች። «እማ፣ ዶሮዎቹንም አስጾምሻቸው!»

ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበርና ሌላ እፍኝ ጨመርኩ።

መጀመሪያ ወደዱት። ከዚያ ኩሳቸው ተለወጠ፤ ረጠበ፣ እንደ ሙጫ ይለጠፍ ጀመር። ሳጋቱራው ጭቃ ሆነ። ኩሱ ቂጣቸው ላይ እየደረቀ፣ እግራቸው ላይ እየተጋገረ፣ እንቁላሉ ሁሉ ተለውሶ ይወጣል። ውሃ ይጠጣሉ፤ መብላት ግን ቀነሱ፤ መጣልም እንደዚያው። በሽታ ገባ አልኩ።

በታክሲ ቤቴል ሄጄ የእንስሳት ሐኪሙን አገኘሁት። ልጅ እግር ነው።

«ማዘር፣ ምንድነው የሚያበሏቸው?»

ነገርኩት።

«ተልባ ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል?»

«ይዝለገለጋል።»

«አንጀታቸው ውስጥም እንደዚያው ነው። ሲወፍርባቸው ምግቡ በደንብ ሳይፈጭ ይወጣል፣ ኩሱም ይለጠፋል። ትንሽ ቢሆን ባልጎዳ፤ እርስዎ ግን ቀለባቸው አደረጉት። አሁኑኑ ይተዉት።»

በሽታ አይደለም ማለቱ ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ መጣሁ። ስለተጠራቀመው እንቁላል መጠየቅ እንኳ ትዝ አላለኝም። በዓሉ ደርሷል፤ እንደዚያ ተለውሶ ለሰው አይሰጥም። ከልጄ ጋር በልብስ ሳፋ ለብ ባለ ውሃ አጠብነው። ውሃው ጠቁሮ እንኳ ሳንቀይር እናጥባለን። ሲደርቅ እንዴት ያምር ነበር! ለጎረቤቱም ለሰፈራችን ሱቅም ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብለን አከፋፈልነው።

እንቁላል ሲታጠብ ቅርፊቱን የሚሸፍነው ስስ ልባስ እንደሚለቅ፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንደሚገባ ማን ነገረን?

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት፣ በግራችን ያለችው ጎረቤት ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። የቀቀለችው የኛ እንቁላል ነው። ገና ከበር ሸተተኝ።

«እትዬ፣ ስንት እንግዳ ጠርቼ ነው እንዲህ የምታደርጊኝ? ደግሞ አስመስለሽ! እንደ ሙሽራ አጥበሽ!»

ልጄ ሳህኑን ተቀብላት ጓሮ ሄዳ ደፋች፣ አጥባ መለሰችላት። ጎረቤቷስ እንኳ መጥታ ጮኸች። የባሱት ዝም ያሉት ናቸው፤ ሰላምታ አልነፈጉንም፣ ብቻ ዳግመኛ እንቁላል የሚል ጠፋ። ሱቁም ወሬውን ሰምቶ «የናንተን ተዉት» አለን።

ተልባውን ከተውን ወዲህ ኩሳቸው ደርቋል። የሚጥሉት ንጹህ ነው፤ እኛው እንበላዋለን፣ አልጥም አለኝ እንጂ።

«ትንሽ ታገሺ፣ ሰው ይረሳል» አልኳት።

«እማ፣ የተባባልነው እንደዚያ አልነበረም» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ፓስፖርቷ ወጥቷል። ደላላው ሲደውል አሁን ጓሮ አትወጣም፤ ፊቴ ታወራለች። ከዚያ ከስልኳ ዓረብኛ ትለማመዳለች። አንዷን ቃል ደጋግማ ስትል ሰምቼ ምን ማለት ነው አልኳት።

«እሺ እመቤቴ፣ እንደማለት ነው።»

ከልጅነቷ ጀምሮ እኔን አንድ ነገር እሺ ብላኝ አታውቅም። በር ላይ ቆሜ እሰማታለሁ። እያስተካከለች፣ ድምጿን እያሳነሰች ትለዋለች።