ያለ ቁራጭ ያስረከብኳት ልጅ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ንፍጥ መጥረግ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስለ ሕፃናት አያያዝ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ጽሑፍ አሳትሜ፣ በፕላስቲክ ማኅደር አድርጌ መጥቻለሁ። እትዬ አስቴር ማኅደሩን አዩት፤ አልነኩትም። አንድ ጥቅል ሶፍት ሰጡኝና «ከዚያ ጥግ ጀምሪ» አሉኝ። አስራ ዘጠኝ ልጆች ነበሩ።

ቦታው አማኑኤል አጠገብ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። መርካቶ የሚነግዱ እናቶች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲወጡ እኛ ጋ ያቆዩአቸዋል፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ መጥተው ይወስዷቸዋል። ልጆቹ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ናቸው። ቤቱን የሚመሩት እትዬ አስቴር ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናቸው። የቀረነው በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ነን። ልጆቹ ሁላችንንም «ቲቸር» ይሉናል።

በጎ ፈቃደኛ ማዕረግ የሌለው ይመስላል። አለው። አዲስ የመጣ ሶፍት ይይዛል። ሁለት ወር የቆየ ፊደል ያስቆጥራል። ጠብ መገላገል የቻለ ጨዋታ ይመራል። በር ላይ የሚቆመው ግን እትዬ አስቴር የመረጡት ሰው ብቻ ነው፤ ልጆቹን ለወላጆቻቸው የሚያስረክበው እሱ ነውና።

የርክክቡ ሥርዓት እንዲህ ነው። ልጅ ሲመዘገብ ከጫማ ካርቶን ላይ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ይቆረጣል። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፋል፤ ከዚያ በመቀስ እየተጠማዘዘ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቁራጭ በመርፌ ቁልፍ ልጁ ደረት ላይ ይያዛል። ሌላው ወላጁ ጋ ይቀመጣል። ማታ ሁለቱ ቁራጮች ካልገጠሙ ልጁ ከበሩ አይወጣም። እትዬ አስቴር ይህን ያወጡት ወደው አይደለም። «መርካቶ ውስጥ ሰው ሁሉ አክስት ነው፣ ሰው ሁሉ አጎት ነው» ይላሉ። «እኔ አጎት አላውቅም። ካርቶን ነው የማውቀው።»

በአምስተኛው ወር በር ላይ ቆምኩ። ዶርም ውስጥ ለጓደኞቼ ጉራ እስኪሰለቻቸው ድረስ ነዛሁ።

ወርቅነሽ ልጇን ልታስመዘግብ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ዱባይ ተራ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ካልሲና ሻሽ ትሸጣለች። ልጅቷ ረድኤት ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ቀሚስ አልላቀቅም ብላ ነበር። መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

«ከእኔ በቀር ለማንም እንዳትሰጡብኝ» አለች ወርቅነሽ።

«አባቷስ?» አሉ እትዬ አስቴር።

«እሱን ነው የምፈራው። ከተለያየን ስድስት ወራችን ነው። አገር ቤት ወስጄ ለእናቴ እሰጣታለሁ እያለ ይዝታል። አንዴ ከወሰዳት የት ብዬ ነው የማገኛት?»

ፍርድ ቤት ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ወስኖላታል። ወረቀቱን አጣጥፋ ከመታወቂያዋ ጋር ይዛው ትዞራለች፤ ዘርግታ አሳየችን። እኔም መዝገቡ ላይ «ረድኤት፣ ቁጥር አስራ ሰባት። ከእናቷ በቀር ለማንም» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ጽሑፌ በጣም ያምራል፤ አሁንም መዝገቡ አለ።

አንድ ሰው ደግሞ ላስተዋውቅ። ጋሽ ተካ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ልጆቹ የሚቀመጡባቸውን አግዳሚዎች ያሠሩልን እሳቸው ናቸው። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ያስቀየሩልንም እሳቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በአጥር ሲካሰስ የሚጠሩት ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ሲገቡ እትዬ አስቴር እንኳ ከወንበራቸው ይነሳሉ።

ያን ሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ ዝናብ ነበር። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ወላጆች በሩ ላይ ተፋፍገዋል፤ ዣንጥላው በዣንጥላ ላይ ነው። እትዬ አስቴር ውስጥ አንድ ያስመለሰው ልጅ ይዘዋል። እኔ ቁራጭ እያጋጠምኩ ስም እጠራለሁ። ጋሽ ተካ ሰዉ መንገድ ለቆላቸው ፊቴ ደረሱ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ረድኤትን ልወስዳት ነው።»

«እናቷ…» አልኩ።

«ወርቅነሽ ዛሬ እኔ ጋ ነው የምትመጣው።»

«ቁራጭ ይዘዋል ጋሼ?»

«የምን ቁራጭ?»

«የካርቶኑ። ሥርዓት ስለሆነ ነው።»

ሳቅ አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የከፋውም ያ ነው። «እኔንም?» አሉኝ።

ከኋላቸው የቆመች አንዲት እናት «ኧረ በጌታ፣ ጋሽ ተካን?» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ያሠሩትን አግዳሚ ከኋላዬ አድርጌ ካርቶን ስጠይቃቸው ባለጌ የሆንኩ መሰለኝ። የጻፍኩት ትዝ ብሎኛል፤ አልረሳሁትም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሰው ረስታ ነው እንዲልልኝ ስለማልፈልግ ነው። አፈርኩ እንጂ አልረሳሁም።

«ይቅርታ ጋሼ» ብዬ ረድኤትን ጠራኋት።

ልጅቷ ደረቷ ላይ ያለውን ቁራጭ ይዛ መጣችና ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ እማዬስ?»

«ጋሽ ተካ ሱቅ እየጠበቀችሽ ነው» አልኳት። ጋሽ ተካ እንኳ እንዲህ አላሉም። ይህ የእኔ ፈጠራ ነው። አምናኝ እጃቸውን ያዘች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወርቅነሽ መጣች። ከእግር እስከ ራሷ ርሳለች። ካልሲዎቿን በላስቲክ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አዝላለች፤ ቁራጩ እጇ ላይ ነው። ዘረጋችልኝ።

«ጋሽ ተካ ወስደዋታል» አልኩ። «አንቺ የላክሻቸው መስሎኝ…»

«እኔ ማንንም አልላክሁም።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እትዬ አስቴር ከውስጥ ወጡና ፊታችንን አይተው ሳንነግራቸው ገባቸው። «እኔ ፖሊስ እደውላለሁ። እናንተ ሩጡ» አሉን።

የጋሽ ተካ ሱቅ ሩቅ አይደለም፤ ግን የመርካቶ ቅርብ በዝናብ ቀን ሩቅ ነው። ተሸካሚዎች በየአቅጣጫው «ዞር በሉ!» ይላሉ፤ ጋሪ ጭቃ ውስጥ ተይዞ መንገዱን ዘግቷል። ወርቅነሽ ላስቲኩን እንዳዘለች ከፊቴ ትሮጣለች። እኔ ከኋላዋ በልቤ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ እዚያ ትሁን፣ እዚያ ትሁን።

ሱቁ ውስጥ በብርድ ልብስ ክምር መሀል አምስት የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ። ጋሽ ተካ ደስ ብሏቸው ተነሡ።

«መጣሽ ወርቅነሽ፤ ልልክብሽ ነበር እኮ። ተቀመጪ ልጄ፤ ዛሬ ይህን ነገር እንጨርሳለን።»

«ልጄስ?»

«አባቷ ጋ ናት። ታርቄ ቤቴ ልግባ ብሎ ለምኖኝ ነው። ልጅ መሀል ካለች ልብ ይራራል ብለን አመጣናት። አሁን ብስኩት ሊገዛላት ወጣ።»

«መቼ ነው የወጣው?» አልኩ እኔ።

ጋሽ ተካ ሰዓታቸውን አዩ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ጆሯቸው ላይ አቆዩት። ደግመው ደወሉ። «ዘግቶታል» አሉ ቀስ ብለው። ያን ጊዜ ፊታቸው እንዴት እንደወረደ አይቻለሁ፤ የእኔም ቅድም በሩ ላይ እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም። እኔ ልጅቷን ሽማግሌ ናቸው ብዬ ሰጠሁ፤ እሳቸው አባት ነው ብለው ሰጡ።

ወርቅነሽ «አውቶቡስ ተራ» ብላ ላስቲኩን መሬት ጣለችውና ወጣች።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ መናኸሪያው በሰው ተጨናንቋል። ወርቅነሽ በሩ ላይ ወደነበሩት ፖሊሶች ወረቀቷን እየመዘዘች ሄደች። እኔ ሚኒባሶቹ ወደተሰለፉበት ሮጥኩ። ረዳቶች የየከተማውን ስም ይጠራሉ። ማንን ልጠይቅ? ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ተራ አስከባሪ አየሁ።

«ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች፣ ደረቷ ላይ የካርቶን ቁራጭ ያለባት አላየህም?»

«ካርቶን የለጠፈችው?» አለና በአገጩ አመለከተኝ። «ያቺ ሚኒባስ ውስጥ ናት፤ ልትወጣ ነው።»

ሞተሩ ተነሥቷል። በመስኮቱ ረድኤትን አየኋት፤ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። የማደርገው ሲጠፋኝ ሄጄ መኪናው ፊት ቆምኩ። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ።

ተራ አስከባሪው ተከትሎኝ መጣ። «እህቴ፣ ዞር በይ። ተራዬን አታበላሺብኝ።»

«ልጅቷን ከእናቷ ደብቆ ነው የሚወስዳት።»

አባቷ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ልጄ ናት። አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

ማን ነኝ? ዘመድ አይደለሁም፣ ደመወዝተኛ አይደለሁም፣ መምህርም አይደለሁም። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ «አስረፈዱን እኮ» የሚል አለ።

«በስህተት ያስረከብኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከእናቷ በቀር ለማንም እንዳልሰጣት ታዝዤ፣ አፍሬ ሰጠኋት። እናቷ በሩ ላይ ናት፤ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዛለች። እስክትደርስ ብቻ ጠብቁኝ።»

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ተናገረች። «ልጅቷ ከተሳፈረች ጀምሮ እማዬ እያለች ነው። ሽንቷም አምልጧታል። ሾፌር፣ ሞተሩን አጥፋው።» ተራ አስከባሪው ሹፌሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊሽካውን ነፋ። «ሳይጣራ አይወጣም» አለ።

ጋሽ ተካ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ዣንጥላቸውን የት እንደጣሉት አላውቅም። ትንፋሻቸው ተቆራርጦ የሚኒባሱን በር ያዙ። «ውረድ» አሉት። «ሽማግሌ ብለህ ልከኸኝ ሌባ አደረግከኝ።» ሰውየው አልወረደም። ወርቅነሽ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ስትመጣ ግን ያቺ የኋላ ወንበር ሴት ልጅቷን ከጉልበቱ አንሥታ በመስኮት አቀበለቻት።

ወርቅነሽ አላለቀሰችም። ልጇን ታቅፋ የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረች፤ ሁሉንም አሳስታ ቆለፈችው። ከዚያ መርፌ ቁልፉን ፈትታ ቁራጩን ከደረቷ ላይ ነቀለችው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጠን። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

በማግሥቱ እትዬ አስቴር ያባርሩኛል ብዬ ሄድኩ። መዝገቡን ከፍተው «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። «ማን ነው የጻፈው?» «እኔ።» «እንግዲያ ማንበብ ትችያለሽ ማለት ነው» ብለው ሶፍቱን ሰጡኝ። ሰባት ወር ሙሉ በሩ አጠገብ አልደረስኩም።

ቅዳሜ ጋሽ ተካ መጡ። ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ተናደው ነው የመጡት። «ለምን አልከለከልሽኝም?» አሉኝ። «ብትከለክዪኝ ምን ይመጣ ነበር? ትንሽ ተቆጥቼ እሄድ ነበር። ይኸው ነበር እኮ ልጄ፤ ትንሽ ተቆጥቼ እሄድ ነበር።» ይህን ሁለት ጊዜ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ረድኤት አልተመለሰችም። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ዱባይ ተራ ሄድኩ። ወርቅነሽ ካልሲ ዘርግታለች፤ ልጅቷ ከጎኗ፣ የሰው እግር መሀል፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊደል ትጽፋለች። ስታየኝ እናቷ ጀርባ ገባች። የጋሽ ተካን እጅ የያዘችው እኔን አምና ነበርና አልፈርድባትም። ግን አመመኝ፤ እስካሁንም ያመኛል።

«መልሺያት» አልኩ ወርቅነሽን። «እዚህ መኪናው፣ ተሸካሚው… እኛ ጋ ይሻላታል። እኔ በር ላይ አልቆምም።»

አንድ ደንበኛ አስተናግዳ ነው የመለሰችልኝ። «አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ። ግን ሰው ማስቀየም ትፈሪያለሽ። እኔ ልጄን የምሰጠው ሰው ማስቀየም ለማይፈራ ነው።»

አሁን እትዬ አስቴር ደክሟቸው ቤቱን የምመራው እኔ ነኝ። በር ላይ የሚቆሙትን የምመርጠውም እኔ ነኝ። ልጅ መውደዳቸውን አልጠይቃቸውም፤ ሁሉም ይወዳል። በር ላይ የቆመ ሰው አንዳንድ ቀን የሚያከብረውን ሰው ያስቀይማል። ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ ከሆነ በሩን አልጠበቀም።