የአያ ገዳሙ የሁዳዴ ፈተና

አያ ገዳሙ ስለ ራሳቸው ሲያወሩ ትሕትና አያበዙም። «በአርባ ዓመት ውስጥ በእኔ ቅርጫ የተበደለ ሰው ካለ ይነሣ» ይላሉ፤ የሚነሣ የለም። ቅርጫ ስንገባ በሬውን የሚያርዱትም፣ ብልቱን የሚያወጡትም፣ ሥጋውን ቅጠል ላይ ሃያ አራት ቦታ የሚመድቡትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ዕጣ ይጣላል፤ ሁሉም የደረሰውን ተሸክሞ ይሄዳል። እኔ ጉንደ ወይን ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በሳቸው ቅርጫ አሥራ አንድ ፋሲካ ፈስኬያለሁ። አንድ ዓመት ተደብቄ ድርሻዬን ከጎረቤቴ ድርሻ ጋር በሚዛን አስተያይቼ ነበር። ልዩነቱ አንድ ጉርሻ አይሞላም። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው ማን ይችላቸዋል?

ሌላም ሙያ አላቸው። በሬ ሊገዛ የሚሄድ የሰፈራችን ሰው አያ ገዳሙን ሳይዝ አይሄድም። ሌላው ሰው ጥርስ ያያል፣ ሻኛ ይዳብሳል። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው በሬው አፍ ውስጥ እጃቸውን ይሰዱና ምላሱን ስበው ከሥሩ ይዳስሱታል። የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር በጣታቸው ከተሰማቸው ዋጋ እንኳ አይጠይቁም። የዚያን በሬ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ኮሶ ይዞት ይከርማል። እጃቸውን በበሬው ጭራ ጠርገው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፤ የበሬው ባለቤትም እየተሳደበ ይቀራል።

ሂዊ የወንድማቸው ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ተምራ ተመረቀችና ሁለት ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ከረመች። በመጨረሻ ሰሌዳው ሰለቻት። በሬ አድልቤ ጉንደ ወይን ላይ ትንሽ ሥጋ ቤት እከፍታለሁ አለችና በጥር ደብረ ማርቆስ ገበያ ወርዳ ሦስት በሬ ገዛች። ጥርሳቸውን አየች፣ ዓይናቸውን አየች፣ ደረታቸውን በሜትር ለክታ ክብደታቸውን በቀመር አወጣች። አጎቷን ግን አልጠራችም።

አያ ገዳሙ አልተቆጡም። አኮረፉ። የሳቸው ኩርፊያ ድምፅ የለውም፤ መንገድ ብቻ ያስለውጣል። ወትሮ በወንድማቸው በረት በኩል ያልፉ የነበሩት ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳገቱን ዞረው በቤተ ክርስቲያን በኩል ይሄዱ ጀመር። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው መላው ሰፈር ያውቃል።

ሂዊ ይህን ለማየት ጊዜ አልነበራትም፤ በወረቀት ተይዛለች። ሥጋ ቤት ለመክፈት ማሟላት ያለባት ነገር ተዘርዝሮ ተሰጥቷታል። ግድግዳው ሴራሚክ ይለበስ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን፣ በሩ የዝንብ ወንፊት ይኑረው፣ የከብቶቹ በረት ከመኖሪያ ቤት ይራቅ። ወረቀቱ በሳምንት ሃያ በሬ የሚያርደውን ነጋዴና ሦስት በሬ ያላትን ልጅ አይለይም። እናቷ የብርጓል፣ በሬዎቹ ከቤት ሲርቁ «ማን ያያቸዋል?» ብላ አዘነች፤ በቀን አራት ጊዜም ፉርሽካና አተላ ተሸክማ ማሳውን ታቋርጥ ጀመር። በሬዎቹ ወፈሩ፤ የብርጓል ከሳች። ከሦስቱ ይበልጥ ያማረበት ቡሬ የተባለው ነበር። ሲራመድ ሻኛው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ሂዊ የፋሲካ ተስፋዋን የጣለችው እሱ ላይ ነው።

የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ግን አንድ ነገር ነበር፦ የብቃት ማረጋገጫ ያለው አራጅ። በአካባቢያችን ማረጋገጫ ያለው አራጅ የለም። ማረጋገጫ ባይኖረውም ብቃት ያለው አንድ ሰው አለ፤ እሱም ዳገት ዞሮ ነው የሚሄደው። የብርጓል ቄሱንና ሁለት ሽማግሌ ይዛ የባሏ ወንድም ደጅ ቆመች። አያ ገዳሙ ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ አመላለሷቸው። በአራተኛው እሺ አሉ፤ ያም ቢሆን ለልጅቱ ሳይሆን ለቄሱ ብለው እንደሆነ እንዲታወቅላቸው አሳሰቡ።

ለማረጋገጫው የሚፈትናቸው ሰው ጌቱ ይባላል፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ ለሰው የሚያዝን ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። ችግሩ ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ ተፈታኙ በሬ ሲያርድና ብልት ሲያወጣ በዓይን ይታይ ይላል። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ጉንደ ወይን ውስጥ ቢላ ሽንኩርት ከመክተፍ አያልፍም። አያ ገዳሙን ጾም ውስጥ በሬ እረዱ ማለት ቄሱን ቅዳሴ ላይ ዘፈን ዝፈኑ እንደማለት ነው። ስለዚህ ፈተናው ከፋሲካ በኋላ፣ ፈቃዱ ከፈተናው በኋላ ሆነ፤ የሂዊ ገበያ ግን ፋሲካ ነው። ቅጹን ያረቀቀው ሰው ጾመኛ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የቀን መቁጠሪያ እንዳልነበረው ግን እገምታለሁ።

ሂዊ ተስፋ መቁረጥ ጀመረች። ባሕር ዳር ያለ አንድ የመኖ ድርጅት ከፋሲካ ማግስት ሥራ ጀምሪ ብሎ ደውሎላት ነበር። ሥጋ ቤቱ ለፋሲካ ካልተከፈተ በሬዎቹን ባገኘሁት ሸጬ እሄዳለሁ ብላ ለእናቷ ነገረቻት። የብርጓል ለሰፈሩ ነገረች። አያ ገዳሙም ሰሙ። በማግስቱ በበረቱ በኩል ሲያልፉ አየኋቸው።

ጌቱ ሁለት ሳምንት ተመላልሶ አለቆቹን አስፈቀደ። ከእርድ በፊት ያለው ምርመራና የብልት አወጣጡ በቁም በሬ ላይ በቃል ይፈተናል፤ ቢላው ደግሞ ለፋሲካ በሚታረድበት በቅዳም ሹር፣ በከተማው ማረጃ ይታያል። ሁለቱንም ካለፉ ፈቃዱ እዚያው ይሰጣል።

የፈተናው ዕለት አያ ገዳሙ የታጠበ ጋቢ ለብሰው መጡ። ሰፈሩም መጣ። እኔ ሥራ ነበረኝ፤ ተውኩት። በዘንጋቸው ጫፍ በመጀመሪያው በሬ ገላ ላይ ሽንጡን፣ ዳቢቱን፣ ጎድኑን፣ ፍሪምባውን እየነኩ ጠሩ፤ ከየቱ ስንት መደብ እንደሚወጣ ጨምረው። በሬው የሚያኩለት መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። ጌቱ ጽፎ መድረስ አቃተው።

ከዚያ በእንስሳቱ ላይ ጉድለት ያዩ እንደሆነ ጠየቃቸው። እሱ ራሱ ቀደም ብሎ ዓይናቸውንና ሙቀታቸውን አይቶ ሦስቱንም ጤነኛ ብሎ ጽፏል። አያ ገዳሙ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንዱን ዳሰሱ፤ ደኅና ነው። ሁለተኛውን ዳሰሱ፤ ደኅና ነው። ቡሬ አፍ ውስጥ የገባው እጃቸው ግን ሳይወጣ ቆየ። ፊታቸውን እያየሁ ነበር፤ ያ ሁሉ ኩራት ሲጠፋ አየሁ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። ፈተናውንም ያልፋሉ፣ ቡሬም ይሸጣል፣ ልጅቱም ባሕር ዳር መሄዷን ትታ ትቀራለች።

«ይሄኛው ለጥሬ ሥጋ አይሆንም» አሉ ቀስ ብለው። «ና ልጄ፣ አንተም እጅህን ስደድ።»

ጌቱ ዳሰሰ። የጻፈውን ሰረዘ። በጊዜ ብዛት የኮሶው ፍሬዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ፣ ለዚህ ፋሲካ ግን ቡሬ እንደማይታረድ ለሂዊ ነገራት።

ሂዊ እሱን አልሰማችውም። አጎቷን ነበር የምታየው። «ሦስት ወር እዚህ ሲቀለብ ዝም ብለው ዛሬ በሰው ፊት?» አለቻቸው።

አያ ገዳሙ ወደ እሷ ዞሩ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «ሳትጠሪኝ መምጣት ነበረብኝ፤ ኩራት ያዘኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።» እጃቸውን በጋቢያቸው፣ በታጠበው ጋቢ ጠረጉ። «እንድትሄጂብኝ አልፈልግም፣ ሂዊ። ሰው በሥጋሽ ታሞ እንድትቀሪልኝ ግን ከቶ አልፈልግም።»

አያ ገዳሙ «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን እንባ ሞላው። ሂዊ ቡሬን ፈትታ ወደ እናቷ ቤት ነዳችው። ከዚያ በኋላ ቡሬ የአባቷ ቀንበር ውስጥ ገባ፤ በወረዳው እንደሱ የወፈረ የእርሻ በሬ አይገኝም። ሁለት ትልም ባረሰ ቁጥር ቆሞ ይተነፍሳል።

በቅዳም ሹር አያ ገዳሙ ሁለቱን በሬ በጌቱ ፊት አረዱ። ጌቱ ማኅተሙን መታ፤ ሥጋ ቤቱም ተከፈተ። ጀምበር ሳትጠልቅ ሥጋው አለቀ፤ ቡሬ ቢኖር እሱም ያልቅ ነበር። ማኅተሙን ያየ ሰው ግን አልነበረም። የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አያ ገዳሙ ምላሱን አይተውታል?» ብሎ ነው። ሂዊ መጀመሪያ መጀመሪያ ፊቷን እያጠቆረች «አዎ» ትል ነበር። ወደ ማታ ላይ ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች። በመጨረሻ ጌቱ ራሱ ለቤቱ ሊገዛ መጣና ያንኑ ጠየቀ፤ ያኔ ሳቀች።

ከባሕር ዳር ሲደወልላት ምን እንዳለች አልነገረችንም። ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ግን ጠዋት በማለዳ አጎቷ ደጅ ደረሰች። አያ ገዳሙ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሂዊ «አያ፣ በሬ ልገዛ ነው። ይምጡና አብረን እንሂድ» አለቻቸው። እሳቸውም «እስቲ ላስብበት» አሏት።

አጠገባቸው ተቀምጣ አስበው እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።