የአማቴን ሬዲዮ ማን አፈነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ሶላር ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ሻጩ ስለ መብራት ክፍያ ሲለፈልፍ ዋለ እንጂ ስለ አማቴ ሬዲዮ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅኩ፤ ማን ይጠይቃል?

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ያኔ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ከሻንጣው አስቀድመው ያወጡት የአጭር ሞገድ ሬዲዮአቸውን ነው። ከመስኮታቸው እስከ ጓሮው ዛፍ ሽቦ ዘረጉ። ከቀትር በኋላ የአማርኛ ዜና ያዳምጡና በመኪና ከእኛ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ላሉት ጓደኞቻቸው ደውለው ያወራሉ። "ኢንተርኔት ላይ እኮ አለ" ስላቸው "እሱንማ ማንም ይሰማዋል" ይሉኛል። በጎልማሳነታቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው የውጭ ሬዲዮ ሲሰሙ ተይዘው ታስረዋል። "ፈርተውኝ ነው" ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። እዚህ አገር ግን የሚፈራቸው የለም። የልጅ ልጆቻቸው እንኳ "ሃይ ግራንድፓ" ብለው ሳይቆሙ ያልፋሉ።

ሶላሩ ሥራ በጀመረ ማግስት ሬዲዮው ዝዝዝ ማለት ጀመረ። አማቴ ክፍላቸው ጠርተውኝ በሩን ዘጉ።

"እዚህም አገኙኝ" አሉ በሹክሹክታ።

"እነማን?"

"ሬዲዮ የሚያፍኑት ናቸዋ! ስማ እስቲ፣ ያው የድሮው ድምፅ ነው።"

እኔ ወዲያው ሶላሩን ጠረጠርኩ። ችግሩ ማስረጃው ሁሉ የሚያግዘው እሳቸውን ነው። ጩኸቱ ጠዋት ይጀምራል፣ ሲመሽ ይቆማል። "የቢሮ ሰዓት ነው" አሉ። በረዶ ጣሪያውን ሸፍኖት በዋለ ቀን ሬዲዮው ጭጭ አለ፤ ያን ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ዝግ ነበር። "አየህ? እነሱም ሥራ አልገቡም!" ይባስ ብሎ ሽማግሌዎቹ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ እየመጡ ሳሎኔ ተቀምጠው ዝዝዝታውን በአክብሮት ያዳምጡ ጀመር። ሻይ የማቀርበው እኔ።

አንድ ቀን ቱግ አልኩና ከነሬዲዮአቸው ጋራዥ አወረድኳቸው። የፀሐዩን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ሳጥን አጠፋሁት። ዜና አንባቢው ጥርት ብሎ ተሰማ። አበራሁት፤ ዝዝዝ። ደግሜ ላጠፋው ስል "በቃ፣ ገባኝ" ብለው ሬዲዮአቸውን አቅፈው ወጡ።

"አባዬን ምን አድርገኸው ነው?" አለች ባለቤቴ። "ጓደኞቹ ኮል ሲያደርጉለት እንኳ አያነሳም።"

ባለሙያ መጥቶ ሽቦዎቹ ላይ የሆነ ነገር ገጠመና ክፍላቸው ውስጥ ጩኸቱ ጠፋ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ሄድኩ። ዜናው እየተነበበ እሳቸው መስኮቱን ያያሉ።

"ተዉኝ ማለት ነው" አሉ።

አንጀቴን በሉት። ያን ቀን ባለሙያ መጥራቴን ጠላሁት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ክፍላቸው ባዶ ሆነብኝና ስፈልጋቸው ከጋራዡ ዝዝዝ ሰማሁ። በሩን ገፋ አደረግኩት። ወንበር ስበው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሬዲዮውን ሳጥኑ ላይ አስደግፈው ድምፁን ለቀውታል። ስልኩ ጆሯቸው ላይ ነው።

"አዎ፣ እንደገና ጀመሩኝ" ይላሉ በሹክሹክታ።

ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ሳጥኑን አየሁ። ከዚያ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

"አባዬ የት ሄዶ ነው?" አለች ባለቤቴ ከኩሽና።

"ሥራ ገብተዋል" አልኳት።