የእናቱ ወገን

ሀርጌሳ ውስጥ ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው «አጥንት እፈጫለሁ» ስለው የያዘውን ሻይ ቁጭ ያደርጋል። እውነቴን ነው። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንት አጥባለሁ፣ በመሰርሰሪያ ዱቄት አደርጋለሁ፣ ፈሳሽ ውስጥ ዘፍዝፌ ዲኤንኤ አወጣለሁ። ከዚያ ከዘመድ ምራቅ ጋር ይመሳከራል።

አንድ ጠዋት ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌዎች ግቢያችንን ሞሉት። በእርስ በርስ ጦርነቱ የጠፋ የወንድማቸውን ልጅ ፍለጋ ነው። የምራቅ መውሰጃውን ጥጥ ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ትልቁ በእጃቸው አስቆሙኝና የልጁን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይቆጥሩ ጀመር። ወይ ጉዴ! ማለቂያም የለው።

«አባቴ፣ አጥንቱ እኮ ስም አይሰማም» አልኳቸው።

«አንቺ ስሚና ንገሪው።»

ያ ሁሉ ምራቅ ግን አልረባኝም። የልጁ ሳይሆን አይቀርም ከተባለው አጥንት በደህና የወጣልኝ ከእናት ብቻ የሚወረሰው የዲኤንኤ ክፍል ነው። የእናቱን ወገን ይዛችሁ ኑ ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ልጅ የአባቱ ነው ብለው ያደጉ ሰዎች፣ እናቱን ማን ያስታውሳት!

በረንዳው ላይ ቴርሞስ ታቅፈው የተቀመጡ አሮጊት ነበሩ። እኔም ሻይ ሊቀዱላቸው የመጡ መስሎኝ ነበር። «እኔ እንኳ የእናቱ እህት ብቻ ነኝ» አሉኝ፣ ጅጅጋ በስደት በለመዱት አማርኛ። እናቱ ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የወተት ጥርሱን ሳይነቅል የአባቱ ወገኖች መጥተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ አላዩትም። «ይኸው የት እንደወደቀ ሳላውቅ ልሞት ነው» አሉና አፋቸውን ከፈቱልኝ።

እሱ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን ልነግራቸው አሮጊቷን አጥንቱ ወዳለበት ክፍል ጠራኋቸው፤ ሳልቀልድ አላድርምና «ያለ ጓንት መንካት የለም እንግዲህ፣ እናቴ» አልኳቸው። አልነኩትም። «አልሐምዱሊላህ» ብለው የጭኑን አጥንት አዩት።

«ረጅም ነበር?»

«ከአጥንቱ ስንገምት ከእኔ ይበልጣል።»

«እስቲ ተነሺ።»

ተነሳሁ። እጃቸውን ከአናቴ በላይ ዘረጉ። «እዚህ ድረስ?»

«ትንሽ ከፍ ያድርጉት።»

ተንጠራሩ። የገዛ እጃቸውን ቀና ብለው እያዩ «ውይ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ሆኖልኝ ነበር!» አሉ።