«አጀልስ አጀል ነው፤ ሰበቡ ምንድን ነው?»

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የልጅ ለቅሶ ሲደርሱ ዱዓው እንዳበቃ «አጀልስ አጀል ነው፤ ሰበቡ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ የሞት ቀኑን አላህ ቢቆርጠውም ምን ገደለው ማለታቸው ነው። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው ሰፈራችን ይቆጣቸዋል። «ኧረ አባባ፣ ቁስል አይንኩብን!» ሲባሉ፣ «ለቀሩት ልጆች ብዬ ነው» ይላሉ። ተቅማጥ ነው ከተባለ «ውሃ አፍሉ» እያሉ፣ ሐይቁ ነው ከተባለ ልጆቹን ከዳር እያባረሩ ይሰነብታሉ።

ጦርነቱ ካገራችን በወጣ ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ሞተች። «ከማሳ ያገኘችው ብረት እጇ ላይ ፈነዳ» ሲሏቸው፣ ሳይቀመጡ ወጥተው በየቤቱ ዞሩ። እኔ ከጅዳ ደውዬ እናቴን እያነጋገርኩ ነበር፤ እሷ ዘንድ የተውኳትን ልጄን ሲጠይቋት ሰማሁ።

«ብረት አግኝተሻል እንዴ?»

«ይቆጡኛል?» አለች ልጄ።

«አብሽሪ፣ አልቆጣሽም። የት አለ?»

«አልጋ ሥር።»

«ማንም እንዳይነካው! ውጡ!»

ስልኩ ተቋረጠ። ወታደሮች መጥተው እንዳነሱት ደውለው እስኪነግሩኝ ድረስ ከመስገጃዬ አልተነሳሁም።

ዘንድሮ የእሳቸው መርዶ ደረሰኝ። እናቴ «አጀላቸው ደርሶ ነው» አለችኝ። «ኢና ሊላሂ» አልኩና፣ «ሰበቡስ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ማንም አልጠየቀም ልጄ» አለችኝ፤ «ጠያቂው እሳቸው ነበሩ።»