አባቴን በጎን የሣልኩ ለታ

ልጅ ሳለሁ መጀመሪያ የሣልኩት ነገር ዕንቁላል ነበር። ያስተማረኝ አጎቴ ክንፉ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ቤቱ ከቤታችን ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ያኔ ንጉሡ ከተማቸውን ተራራው አናት ላይ አድርገው ስለ ነበር ቀኑን ሙሉ በደጃችን ግንድ የሚጎትተው፣ ድንጋይ የሚሸከመው ሰው ሲተራመስ ይውላል፤ ሲመሽ ግን ዳገቱ ጸጥ ይልና ብርዱ ከጥዱ ደን ቁልቁል ይወርዳል። እኔም እራቴን እንደ በላሁ በአጥሩ ሾልኬ ከአጎቴ ምድጃ ዳር እቀመጣለሁ።

አጎቴ ተረት ሲያወራ እጁ አያርፍም። ከምድጃው የጠቆረ የወይራ እንጨት ይስብና እፍ ብሎ አጥፍቶ፣ የሚያወራውን በተሰበረ ገንቦ ገል ላይ ይሥለዋል። ዕንቁላሏን ከእባብ ለማዳን «ይህች ጨረቃ ናት፤ ብትውጣት መንገድህ ይጨልምብሃል» ብላ ስለ ዋሸችው ዶሮ ሲነግረኝ ዕንቁላል አስተማረኝ። ቅል ራሷ ላይ ደፍታ ንግሥት ነኝ ስላለችው ጦጣ ሲነግረኝ ቅል አስተማረኝ። «ቅል የቻለ ራስ ይችላል፤ አንገት ብቻ ጨምሪበት» ይለኝ ነበር። ዐይን ደግሞ የወይራ ቅጠል ነው፤ መሐሉ ላይ ፍሬ ጣል ማድረግ ብቻ ነው። ጢሱ ዐይኔን እያቃጠለኝ፣ ጣቶቼ በከሰል ጠቁረው፣ ከዚያ ምድጃ ዳር የተሻለ ቦታ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አጎቴን ከአባቴ አስበልጬ የወደድኩበት ጊዜም ነበር።

አባቴ ጉተማ ይባላል። ገበሬ ነው፤ ከገበሬነቱ ይልቅ ግን የፈረስ ሰው ነበር። በልጅነቱ ከፈረስ ወድቆ አፍንጫው ተሰብሮ ስለ ነበር መሐሉ ላይ ጉብ ብሎ ቀርቷል። አንድ ጊዜ በክርስትና ድግስ ላይ አጎቴ አዲስ የሣለውን ጊዮርጊስ ለእንግዶች ዘርግቶ ሲያሳይ፣ ሰው ሁሉ «እጅህን ይባርከው!» ሲል፣ አባቴ ጠጋ ብሎ የፈረሱን እግር አየና፣ «ክንፉ፣ የፈረስ ጉልበት እኮ ወደዚህ አይታጠፍም! በዚህ እግር ሰማዕቱ ዘንዶው ዘንድ ሳይደርሱ ይመሽባቸዋል» አለ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። አጎቴም ሳቀ። እኔም የሱን ሳቅ እንደ ማንኛውም ሰው ሳቅ ቆጥሬ አለፍኩት።

ከዚያ ድግስ ጥቂት ሳምንት በኋላ አጎቴ አንድ ምሽት ተረቱን ጨርሶ፣ «እንግዲህ ሰው መሣል ትጀምሪያለሽ» አለኝ።

«ማንን ልሣል?»

«አባትሽን ነዋ። ለጀማሪ የሚቀለው ሁልጊዜ የሚያየው ነው።»

«ሁለት ዐይኑንም?»

«ሁለት ዐይን ገና ይከብድሻል፤ አንዱ ካንዱ ይጣላል። በጎን አድርጊው። አንድ ዐይን፣ አንድ አፍንጫ፣ አለቀ።»

አባቴ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ልጓም ሲጠግን እኔ ከጎኑ ሆኜ ሣልኩት። ስንቱን ገል እንዳበላሸሁ አላውቅም። አንድ ምሽት ግን ከሰሉ በራሱ የሄደ ያህል ግንባሩ ወረደ፣ የአፍንጫው ጉብታ መጣ፣ ሲያስብ የሚነክሳት ከንፈሩም መጣች፤ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። «ምን ትጭሪያለሽ፣ ኢንተላ ኮ?» አለኝ። በሱ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው፤ ደስ ሲለው እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። ገሉን ከጉያዬ ሸሸግሁት። አጎቴ ካረመልኝ በኋላ ላስደንቀው ነበር ያሰብኩት። በማግስቱ ለአጎቴ ብሰጠው አገላብጦ አገላብጦ አየና፣ «እኔ ዘንድ ይቆይ» አለኝ።

ያኔ በሰፈራችን አዲስ የተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ግድግዳዋ ገና ባዶ ነበር። አጎቴ ክረምቱን ሥዕሎቹን ቤቱ ዘግቶ በአቡጀዲ ላይ ሲሥል ከረመና ለንግሥ በዓል ተለጠፉ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሰዉ ለማየት ሲጋፋ እኔም በእናቴና በአባቴ መካከል ቆሜ አየሁ። ከቅዱሳኑ እግር ሥር ገሃነም ነበር። እሳቱ ውስጥ ከሁሉ ፊት የቆመው ሰው አባቴ ነው። ግንባሩ፣ ጉብታው፣ ከንፈሩ ሳይቀር። «ጉተማ አይደለም እንዴ ይሄ?» አለ አንድ ሰው፤ ሳቁም ከዚያም ከዚህም ተነሣ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ያን ጊዜ ሌሎቹን አየሁ። መላእክቱና ቅዱሳኑ ሁሉም በሁለት ዐይን ያዩኛል፤ አጋንንቱና ኩነኔ የወረዱት በሙሉ አንድ አንድ ዐይን ነው ያላቸው። ደግ ሰው በሙሉ ፊቱ፣ ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፤ ይህን የሠዓሊ ሥርዓት ከአጎቴ በቀር ማን ሊነግረኝ ይችል ነበር? የዶሮዋን ነግሮኝ፣ የጦጣዋን ነግሮኝ፣ ይህን አንዱን ደበቀኝ።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክንፉ፣ ምን አድርጌህ ነው?» አለው።

አጎቴ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። «የሣለችህ ልጅህ ናት፤ እኔ የገለበጥኩት ብቻ ነው። በል እንግዲህ፣ አንተ ዐዋቂው፣ ይኼስ የቱ ጋ ተሳሳተ?»

«አንቺ ነሽ?» አለኝ አባቴ።

«አዎ» አልኩ። ሌላም ልናገር ነበር፤ ልቅሶዬ ቀደመኝ። እሱ ግን ሰዉን ከፍሎ ወጥቶ ሄደ።

አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም። እኔ ግን ቀናትን ሙሉ እያጠፋሁ፣ እያስተካከልኩ፣ በሙሉ ፊቱ በሁለት ዐይኑ ሣልኩትና ወሰድኩለት። ወደ ጧፉ አስጠግቶ አየው። «ይሄ እኔን አይመስልም» አለ። «ያኛው ግን ቁርጥ እኔን ነበር።» ገሉን ቀስ ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ በስሜ ብቻ ነበር የሚጠራኝ።

አጎቴ ብዙ ጊዜ በአጥሩ ላይ ሆኖ ጠራኝ። «ነይ እንጂ፣ የቀበሮዋን አልጨረስኩልሽም!» ይለኛል፣ ምንም እንዳልተደረገ። አልሄድኩም። ሲሞት ለቀብሩ ቆሜያለሁ፤ አላለቀስኩለትም። ለነፍስ አባቴ ይቅር ብዬዋለሁ ያልኩት ውሸት ነው። በጥል አይደለም የጎዳኝ፤ በወደድኩት ነገር ነው፣ እጄን ይዞ እያስተማረ።

አባቴም ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በቀደም ዕለት የቤተ ክርስቲያኗ አስተዳዳሪ አስጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ሥዕሉ ሊታደስ ነው፤ የአባትሽን ፊት እናስጠፋልሽ?» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ይህንኑ ነው። ልሰናበተው ብዬ ሄጄ ቆምኩ። ቀለሙ በጧፍ ጢስ ጠቁሯል፤ ሲያስብ የሚነክሳት ከንፈሩ ግን እንዳለች ናት። እሷን ረስቻት ነበር። አባቴን የሚመስል ነገር ከዚህ በቀር በዓለም ላይ የለም፤ እኔ ራሴ እንኳ ዐይኔን ስጨፍን ፊቱ ከጠፋኝ ቆይቷል።

«አይንኩት፣ አባ» አልኳቸው።

አሁን ሲናፍቀኝ እዚያ ሄጄ እቆማለሁ። ሊሳለሙ የሚመጡት ሴቶች ገሃነሙ ፊት ቆሜ ሲያዩኝ ስለ ኃጢአቴ የማለቅስ ይመስላቸዋል። አልተሳሳቱም፤ ከዚያ እሳት ላወጣው ስችል ለራሴ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።